ድምፅ ከግራ ወደ ቀኝ እንዴት ይጓዛል?

(በሬዲዮ ከተነገረው)

ይህ ንግግር በሬዲዮ በተላለፈ ጊዜ ምሳሌውን በድምፅ እያሰማን ለማስረዳት ተችሎን ነበር። አሁን ግን በጋዜጣ ዓምድ ላይ ስለሚወጣ፣ ጆሮ የሚሰማውን ነገር ዓይን በሚያነበው ቃል ለመግለጥ እንገደዳለን። ስለዚህ አንባቢው ጥቂት ትዕግሥት እንዲያደርግልን፣ በተቻለውም መጠን የሚባለውን በሐሳቡ እየሰማ እንዲከተለን እንለምናለን።

በቢሮዎ ውስጥ በጽሕፈት ላይ አቀርቅረው ሳሉ ከበስተግራዎ አንድ ሰው በስምዎ ቢጠራዎ፣ ቀና ብለው ወደ ግራ ይዞራሉ እንጂ ወደ ቀኝ አይዞሩም። ይህንንም ለማድረግ አላሰቡም፣ አልመረመሩም፤ ጆሮዎ ጉዳዩን ራሱ ጨርሶ አቀረበልዎ። እንደዚሁም በማኅሌት ላይ የቆመ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን፣ ዜማው ከቀኝ ጌታ ወገን ወደ ግራ ጌታ ወገን ሲተላለፍ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

የዛሬው ንግግራችን ዐላማ ይህ የጆሮ ዕውቀት በሁለት ድምፅ ማጉያዎች አማካይነት እንዴት እንደሚመራ፣ ይልቁንም የድምፁ ጉዞ የሰው እጅ ሳይነካው በኮምፒዩተር በራሱ እንዲካሄድ የሚደረገው በምን ብልሃት እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። ነገሩን ላይ ላዩን ለተመለከተው የሙዚቀኞች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን መሥሪያ ቤቶች ትምህርትና ማስታወቂያ በድምፅ እየቀረጹ በሚያሰራጩበት በዚህ ዘመን፣ ብልሃቱን ያለ ልክ የሚጠቀምበት ሰው ከአድማጩ ላይ ዋናውን ቃል ሊነጥቀው ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በራሳችን ላይ ከደረሰው ተነሥተን ወደ መጨረሻው እንገልጠዋለን።

ሁለት ጆሮ የሚሠራው ሥራ

ድምፅ፣ የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጊዜ፣ በአንድ ሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከግራ የመጣ ድምፅ በመጀመሪያ የግራውን ጆሮ ያገኛል፤ ወደ ቀኙ ጆሮ ለመድረስ ግን ራስን መዞር ስላለበት ጥቂት ይዘገያል። መዘግየቱ ቢበዛ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው፤ ይኸውም የአንድ ሴኮንድ ሺህኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛም፣ ራስ እንደ ግድግዳ ሆኖ ስለሚከልል፣ ወደ ቀኙ ጆሮ የሚደርሰው ድምፅ ከግራው ይልቅ የደከመ ነው።

ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1907 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ላይ፣ ጆሮ ወፍራም ድምፅ የመጣበትን አቅጣጫ በይበልጥ በጊዜ ልዩነት፣ የቀጭን ድምፅን ደግሞ በይበልጥ በጉልበት ልዩነት እንደሚያውቀው አስረድቷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ ከሁለቱ ምልክቶች ለዛሬው ጉዳያችን የምንገለገልበት ሁለተኛው፣ ማለት የጉልበት ልዩነት ነው። አንዱን ድምፅ በሁለት ማጉያዎች እኩል አድርገው ቢያሰሙ፣ በመካከላቸው ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ድምፁ ምንም ዕቃ ከሌለበት ከመካከሉ ቦታ የመጣ ይመስለዋል። የግራውን ከፍ፣ የቀኙን ዝቅ ቢያደርጉ ድምፁ ወደ ግራ ይሸሻል። ቀኙን ጨርሰው ቢዘጉት በግራው ማጉያ ላይ ያርፋል። እንግዲህ በዓይን ብንመለከት ከቦታው የተነቃነቀ ነገር ከቶ የለም፤ ማጉያዎቹም ባሉበት ናቸው። የተለወጡት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። የስቴሪዮ ጥበብ መሠረቱ ይህ ነው።

ከቴያትር ቤት እስከ ኮምፒዩተር

ይህ ሐሳብ የቆየ ነው። ክሌማን አዴር የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ ጊዜ፣ በኦፔራ ቤቱ መድረክ ጠርዝ ላይ የስልክ ድምፅ ተቀባዮችን ደርድሮ ወደ ዐውደ ርእዩ አዳራሽ ሽቦ ዘረጋ። አድማጮቹም በያንዳንዱ ጆሯቸው ላይ አንዳንድ የስልክ መስሚያ አድርገው፣ ዘፋኞቹ በመድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሉ በጆሯቸው ለመከታተል ቻሉ።

ከዚህ በኋላ ኢ.ኤም.አይ. በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን፣ በዲሴምበር 14 ቀን 1931 ዓ.ም. ስለ ሁለት መስመር ድምፅ የፈጠራ መብት ማመልከቻ አቀረበ። ከሐሳቦቹም አንዱ፣ በሲኒማ ሸራ ላይ የሚታየው ተዋናይ በግራ ሲቆም ድምፁም ከግራ እንዲሰማ፣ ሲራመድም ድምፁ አብሮት እንዲሄድ ማድረግ ነበር። በ1935 ዓ.ም. በሄይስ ጣቢያ የሚያልፉትን ባቡሮች በፊልም ቀርጾ፣ የባቡሩ ድምፅ ከባቡሩ ጋር ሲጓዝ አሰምቷል። ይህ ትልቅ መሐንዲስ በ1942 ዓ.ም. አዲስ የራዳር መሣሪያ ሲሞከርበት የነበረ አውሮፕላን ወድቆ በ38 ዓመቱ ሞተ።

በ1940 ዓ.ም. የዋልት ዲስኒ መሐንዲሶች ፋንታዚያ ለተባለው ፊልም ፓን ፖት የሚባለውን መሣሪያ ሠሩ። ይህም አንዱን ቁልፍ በማዞር ድምፅን ከአንዱ ማጉያ ወደ ሌላው ቀስ በቀስ የሚያሻግር ነው። ከ1958 እስከ 1960 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን፣ ኮንታክተ የተባለውን ሥራውን በኮሎኝ የሬዲዮ ስቱዲዮ ሲያዘጋጅ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በዙሪያው አራት ማይክሮፎኖችን አቁሞ፣ ጠረጴዛውን በእጅ እያዞረ ድምፁ በአድማጩ ዙሪያ እንዲዞር አደረገ።

ከእነዚህ ሥራዎች መረዳት የሚቻለው ድምፁን የሚመራው የሰው እጅ እንደ ነበረ ነው። እጅ ደግሞ ይደክማል፤ ዛሬ ያዞረውን ነገ በዚያው ልክ መልሶ ሊያዞረው አይችልም፤ ሁለት እጅ ያለው ሰውም በአንድ ጊዜ አሥር ድምፆችን ሊመራ አይችልም። ሥራውን ለሒሳብ መስጠት ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። በ1971 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ቻውኒንግ የሚንቀሳቀስ ድምፅ በኮምፒዩተር ስሌት እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ።

ሣጥንና ገመድ

ኮምፒዩተር ሙዚቃ እንዲያወጣ ፕሮግራም ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ፣ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማክስ ማቲውስ ነው፤ ዘመኑም 1957 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተሩን ለማዘዝ ረዥም የትእዛዝ ጽሑፍ ማዘጋጀት ግድ ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ግን ሚለር ፓኬት የተባለው አሜሪካዊ፣ ኢርካም በተባለው የፓሪስ የሙዚቃ ምርምር ተቋም ሳለ፣ ትእዛዝ በመጻፍ ፈንታ ሥዕል በመሣል የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጀ፤ ለማቲውስም ክብር ማክስ ብሎ ሰየመው። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ሰው ፒውር ዴታ የተባለውን ሌላ ፕሮግራም አወጣ። ይህ ሁለተኛው ማንም ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ በተራ ኮምፒዩተር ላይ ሊሠራበት የሚችል ስለ ሆነ፣ ምሳሌያችንን በእርሱ ላይ እናደርጋለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠሪው በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ሣጥን ያስቀምጣል፤ በሣጥኑ ውስጥ የሥራውን ስም ይጽፋል፤ ከአንዱ ሣጥን ግርጌ ወደ ሌላው ሣጥን ራስ በማውስ ገመድ ይስባል። ሣጥኖቹና ገመዶቹ በአንድነት ፓች ይባላሉ። ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊው፣ ከኃላፊው ወደሚመለከተው ክፍል፣ ከክፍሉ ወደ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱን አንድ ሥራ ብቻ ሠርቶ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ፓችም እንደዚሁ ነው።

ገመዱ ሁለት ዓይነት ነው። ቀጭኑ ገመድ እንደ ደብዳቤ አልፎ አልፎ የሚመጣ ትእዛዝ ያስተላልፋል። ወፍራሙ ገመድ ግን እንደ ቧንቧ ውሃ ሳያቋርጥ የሚፈስ ድምፅ ያስተላልፋል፤ በወፍራሙ ገመድ የሚሠሩት ሣጥኖችም ከስማቸው ቀጥሎ የማዕበል ቅርጽ ያለው ምልክት ይጻፍባቸዋል። ይህን ልዩነት አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ ያስፈልገናልና።

አሁን ሥራውን እንጀምር። በመጀመሪያ «ኦስክ 440» የሚል ሣጥን ያስቀምጡ። ይህ በአንድ ሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ አንድ ወጥ ድምፅ ያወጣል። ከሥሩ «በ0.1 አባዛ» የሚል ሣጥን ያድርጉ፤ ይህን የምንለው ድምፁ በሙሉ ኃይሉ ወጥቶ ጆሮዎን እንዳይጎዳው ነው። ከግርጌ «ዳክ» የተባለውን ሣጥን ያስቀምጡ፤ እርሱም የኮምፒዩተሩን ቁጥር ወደ ማጉያው የሚልክ ሲሆን፣ ሁለት መግቢያዎች አሉት፤ በግራው የገባ በግራ ማጉያ፣ በቀኙ የገባ በቀኝ ማጉያ ይሰማል። እንግዲህ ድምፁን በሁለት ቅርንጫፍ ከፍለው፣ በያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አንዳንድ የማባዣ ሣጥን አድርገው፣ ወደ ሁለቱ መግቢያዎች ያግቡት። ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራ ለሁለቱ ማባዣዎች ተገቢውን ቁጥር መስጠት ብቻ ነው።

የመካከሉ ጉድጓድ

ማንም ጀማሪ በመጀመሪያ የሚያስበው እንዲህ ነው። የድምፁን ቦታ ከ0 እስከ 1 ባለው አንድ ቁጥር እናመልክት፤ 0 ማለት ግራ ዳርቻ፣ 1 ማለት ቀኝ ዳርቻ ይሁን። ለቀኙ ማባዣ ይህንኑ ቁጥር፣ ለግራው ደግሞ ከ1 ላይ ተቀንሶ የሚተርፈውን እንስጥ። በመካከል፣ ማለት በ0.5 ላይ፣ ሁለቱም እኩል 0.5 ያገኛሉ። ድምራቸውም ሁልጊዜ 1 ስለ ሆነ ሒሳቡ የተስተካከለ ይመስላል።

ነገር ግን ሲያዳምጡት፣ ድምፁ ከግራ ተነሥቶ ወደ መካከል በደረሰ ጊዜ ጉድጓድ እንደ ገባ ያህል ዝቅ ይላል፤ ወደ ቀኝ ሲቀርብ እንደ ገና ከፍ ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው። በክፍል ውስጥ ከሁለት ማጉያዎች የሚወጣው የድምፅ ኃይል የሚለካው በማባዣው ቁጥር ሳይሆን፣ ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ውጤት ነው። በዳርቻው 1 በ1 ሲባዛ 1 ነው። በመካከል ግን 0.5 በ0.5 ሲባዛ 0.25 ነው፤ የሁለቱ ማጉያዎች ድምር 0.5 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መካከል ላይ የድምፁ ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ በመሐንዲሶች አነጋገር 3 ዴሲቤል ይወርዳል።

መድኃኒቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማርነው ከትሪጎኖሜትሪ ይገኛል። የአንድ ማዕዘን ኮሳይን በራሱ ተባዝቶ፣ የዚያው ማዕዘን ሳይን በራሱ ተባዝቶ ሲደመሩ ምንጊዜም 1 ይሆናሉ። እንግዲህ ለግራው ኮሳይኑን፣ ለቀኙ ሳይኑን ብንሰጥና ማዕዘኑን ከ0 እስከ 90 ዲግሪ ብናስኬደው፣ ኃይሉ በጉዞው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። በመካከል፣ በ45 ዲግሪ ላይ፣ ሁለቱም 0.707 ያገኛሉ፤ እያንዳንዱ በራሱ ሲባዛ 0.5 ስለሚሆን ድምሩ 1 ነው። በ22.5 ዲግሪ ላይ ግራው 0.924፣ ቀኙ 0.383 ያገኛል፤ በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ ይህም 1 ነው። በትምህርት ቤት ሳለን ለምን እንደሚጠቅመን ሳይገባን በቃል ያጠናነው ቀመር በዚህ ቦታ ሥራ ላይ ውሎ እናገኘዋለን።

በፒውር ዴታ ውስጥ «ኮስ» የሚባል ሣጥን አለ። ይህ ሣጥን ሙሉውን ክብ 1 ብሎ ስለሚቆጥር፣ 90 ዲግሪ በእርሱ ዘንድ 0.25 ነው። ስለዚህ የቦታውን ቁጥር በ0.25 አባዝተው ወደ አንዱ «ኮስ» ሲያገቡት የግራው ማባዣ ይገኛል። ከዚያው ውጤት ላይ 0.25 ቀንሰው ወደ ሁለተኛው «ኮስ» ሲያገቡት የቀኙ ይገኛል። ከዚህ በኋላ በአንድ ቁጥር ብቻ ድምፁን ወደፈለጉበት ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል።

በራሱ እንዲሄድ ማድረግ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። ያንን አንድ ቁጥር ከእጃችን ወስዶ የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ሦስት መንገዶችን እናመለክታለን።

የመጀመሪያው እጅግ በዝግታ የሚርገበገብ ሣጥን ማድረግ ነው። «ኦስክ 440» ድምፅ እንደ ሰጠን፣ «ኦስክ 0.1» ደግሞ በ10 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይመላለሳል። ይህ በጆሮ የሚሰማ ድምፅ አይደለም፤ ሌላውን የሚመራ እጅ ነው። የሚያወጣው ቁጥር ከ1 በታች 0 አልፎ እስከ ነጌቲቭ 1 ስለሚወርድ፣ በ0.5 አባዝተው 0.5 ቢጨምሩበት ከ0 እስከ 1 ባለው ልክ ውስጥ ይገባል። ይህንንም ወደ ቦታው ቁጥር ያገናኙት። ድምፁ ያለ ማንም ረዳት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ መመላለስ ይጀምራል፤ እንደ ዥዋዥዌም በመካከል ፈጠን፣ በዳርቻው ዘግየት ይላል።

ሁለተኛው መንገድ «ላይን» የተባለው ሣጥን ነው። ለዚህ ሣጥን «1 4000» የሚል መልእክት ቢልኩለት፣ ካለበት ቁጥር ተነሥቶ በ4000 ሚሊሴኮንድ፣ ማለት በ4 ሴኮንድ ውስጥ ወደ 1 ይደርሳል። ይህ መንገድ ከየት ወደ የት፣ በስንት ጊዜ የሚለውን ሁሉ በትእዛዝ ለመወሰን ያስችላል። አንድ ተዋናይ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ድረስ በ4 ሴኮንድ ቢራመድ ድምፁም በዚያው ልክ ሊራመድ ይችላል።

በዚህ ላይ ቀደም ብለን ስለ ሁለቱ ገመዶች የተናገርነው ይጠቅመናል። የቦታው ቁጥር በቀጭኑ ገመድ አልፎ አልፎ በሚመጣ ትእዛዝ ቢለወጥ፣ ድምፁ እንደ ደረጃ እየዘለለ ስለሚሄድ በያንዳንዱ ዝላይ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ደስ የማያሰኝ ጩኸት ይሰማል። «ላይን» ግን ትእዛዙን ተቀብሎ ወደሚፈስ ቁጥር ስለሚለውጠው፣ በሴኮንድ 44,100 ናሙና በሚቆጠርበት አሠራር፣ ቁጥሩ በያንዳንዱ ናሙና ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይሄዳል። በደረጃና በአቀበት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የጉዞውን መሥመር በማውስ መሣል ነው። ፒውር ዴታ ቁጥሮች በተራ የሚቀመጡበት ሠንጠረዥ አለው፤ ሠንጠረዡም በመስኮቱ ላይ እንደ ሥዕል ይታያል። ሠሪው የሚፈልገውን አቀበትና ቁልቁለት ከሣለ በኋላ፣ ሌላ ሣጥን መሥመሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነበበ ለቦታው ቁጥር ይሰጣል። ዛሬ የተሣለው ጉዞ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ሳይዛነፍ ይደገማል።

ስለ ፍጥነቱ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ድምፁ በሴኮንድ ከጥቂት ጊዜ በላይ እንዲመላለስ ቢደረግ፣ ጆሮ ጉዞውን መከታተል ያቅተዋል። ከዚያም ብሶ በሴኮንድ ከ20 ጊዜ ቢበልጥ፣ ጉዞ መሆኑ ቀርቶ የድምፁ ጠባይ ራሱ ይለወጣል፤ ሸካራ ይሆናል፤ ቀድሞ ያልነበሩ ሌሎች ድምፆችም ይሰሙበታል። ለሰው ንግግር የሚስማማው ዝግታ ነው።

ያልተሰማው መልስ

ክቡራን አንባቢዎች፤ እስካሁን የተናገርነው ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ነው። አሁን መቼ መሠራት እንደሌለበት እንናገራለን።

አንድ ጊዜ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ የሚያስተምር አጭር ጭውውት አዘጋጅተን ነበር። በጭውውቱ ውስጥ አንዲት እናት ለታመመው ልጅዋ የታዘዘውን ክኒን እንዴት እንደምትሰጠው ነርሷን ትጠይቃለች። የዚህ ንግግር አዘጋጅ ብልሃቱን አዲስ ተምሮ ስለ ነበር፣ በደስታ የሁለቱን ሴቶች ድምፅ ከላይ በተገለጠው በመጀመሪያው መንገድ ከዳር እስከ ዳር እንዲመላለስ አደረገው። በክፍላችን በሁለቱ ማጉያዎች ስንሰማው እጅግ አማረን።

ከመሰራጨቱ በፊት ግን የበሩን ዘበኛ ጠርተን በስልክ እንዲያዳምጠው ሰጠነው። ዘበኛው የግራውን ማዳመጫ ብቻ በጆሮው አድርጎ፣ ሌላውን ጆሮውን ለበሩ ትቶ አዳመጠ። ሲጨርስም፣ «እናትየዋ ‹በቀን ስንቴ ልስጠው?› ብላ ጠየቀች፤ ነርሷ ግን ዝም አለቻት» አለን። ነርሷ ዝም አላለችም። «ጧት አንድ፣ ማታ አንድ» ብላ መልሳለች። ነገር ግን ይህ ቃል በተነገረበት ሴኮንድ ድምፁ በቀኝ ዳርቻ ላይ ነበር፤ የግራው ማባዣ ቁጥር ዜሮ ነበር። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ ማሽኑም የታዘዘውን ፈጽሟል። የተሳሳተው፣ አድማጩ ሁሉ ሁለት ማዳመጫ በሁለት ጆሮው አድርጎ እንደሚቀመጥ አድርጎ ያሰበው አዘጋጅ ነበር።

በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው አለ። አንዱ ማዳመጫው የተበላሸበት አለ። እንደ ዘበኛው ሁለተኛውን ጆሮውን ለሥራው የሚፈልገውም አለ። ለእነዚህ ሁሉ በአንድ ዳር የተነገረ ቃል እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

አንድ ማጉያ ብቻ ያለው ሬዲዮ የያዘ አድማጭ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ በተፈቀደው የኤፍ.ኤም. ስቴሪዮ አሠራር፣ የግራና የቀኝ ድምር በዋናው መሥመር ይላካል፤ ልዩነታቸው ደግሞ በ38 ኪሎኸርትዝ ንዑስ ሞገድ ላይ ይጫናል። ባለ አንድ ማጉያው ሬዲዮ የሚቀበለው ድምሩን ስለ ሆነ፣ ቃሉ አይጠፋበትም፤ የሚጠፋበት ጉዞው ነው። ሆኖም በድምሩ ላይ በመካከል 0.707 እና 0.707 ሲደመሩ 1.41 ስለሚሆኑ፣ በክፍል ውስጥ እኩል የነበረው ድምፅ በእርሱ ሬዲዮ ላይ መካከል በደረሰ ቁጥር 3 ዴሲቤል ከፍ ይላል። ስለዚህ አንዳንድ መሐንዲሶች በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለውን፣ መካከሉን በ4.5 ዴሲቤል የሚያወርደውን ልክ ይመርጣሉ።

ለእኛ ጭውውት የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር። «ኦስክ 0.1» የሚያወጣውን ቁጥር በ0.5 በማባዛት ፈንታ በ0.25 አባዝተን 0.5 ጨመርንበት። በዚህ ጊዜ ቦታው ከ0 እስከ 1 መሄዱን ትቶ ከ0.25 እስከ 0.75 ብቻ የሚመላለስ ሆነ። ድምፁ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው በሄደ ጊዜ እንኳ የግራው ማባዣ 0.383 ነው፤ ይኸውም ከሙሉው 8 ዴሲቤል ያህል ብቻ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፣ ቃሉ ይደክማል እንጂ አይጠፋም። የነርሷን መልስ ደግሞ ለብቻው ቆርጠን፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ በመካከል እንዲነገር አደረግን። ዘበኛው እንደ ገና ሰማው፤ ክኒኑ ጧትና ማታ መሆኑንም ነገረን።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤታቸው የድምፅ ትምህርት ወይም ማስታወቂያ የሚያዘጋጁ ሁሉ ሦስት ነገሮችን እንዲያስታውሱ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓትና የመድኃኒት ልክ የሚነገርበት ቃል ከመካከል አይነቃነቅ። ሁለተኛ፣ የሚንቀሳቀሰው ድምፅ የነፋስ፣ የመኪና፣ የእግር ኮቴ ወይም የሙዚቃ ቢሆን ይመረጣል፤ የሰው ንግግርም ቢሆን እስከ ዳርቻው አይድረስ። ሦስተኛ፣ ሥራው ከመሰራጨቱ በፊት በሁለት ማጉያ፣ በአንድ ማጉያ፣ በግራው ማዳመጫ ብቻ፣ በቀኙም ማዳመጫ ብቻ ይሰማ፤ ይህ አራት ጊዜ ማዳመጥ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው። በአንድ ጆሮ ብቻ ለሚሰሙ አንባቢዎቻችን ደግሞ፣ በብዙ ዘመናዊ ስልኮች ማስተካከያ ውስጥ ግራና ቀኙን አንድ አድርጎ የሚያሰማ ምርጫ እንዳለ እናስታውቃለን፤ ፈልገው ቢከፍቱት ይጠቅማቸዋል።

ከልጆቻችሁ መካከል ሙዚቃና ሒሳብ የሚወድ ቢኖር፣ በዕረፍት ቀን ይህን ፓች አብራችሁ ሥሩት። የሚያስፈልገው ኮምፒዩተርና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ልጁ ኮሳይን ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቃችሁ እንደ ሆነ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና ድምፁ ሲያልፍ በጣቱ ያመልክት። ከዚያም አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው አውልቁና የሰማውን ጠይቁት።